መናገሻ ሱባ ደን ከእናቴና ከልጆቼ ጋር መሄድ ፈልጌ ነበር፣ በየት ነው የሚገባው?

የልጆቹ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መናገሻ ሱባ ደን የሄዳችሁ ካላችሁ እስቲ ምክር ለግሱኝ። አንድ እሁድ ሁለቱን ልጆቼንና እናቴን ይዤ ልወጣ አስቤአለሁ። ልጆቹ ስምንትና አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ትምህርት ከሌለ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍተው ይውላሉ፣ ዛፍ ሲባል የሚያውቁት የግቢያችንን አጥር ጽድ ነው። እናቴ ደግሞ ገጠር ነው ያደገችው። ደን ከተነሳ ወሬዋ አያልቅም። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገት የሚባል ነገር በፍጹም አትችልም።

ግራ ያጋባኝ መንገዱ ነው። ካርታ ላይ ስፈልግ አንዴ በአምቦ መንገድ መናገሻ ከተማ ይወስደኛል፣ አንዴ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ። አንዷ ጓደኛዬ በሆለታ በኩል ነው አለችኝ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደግሞ ገና ሳልጨርስ «ለዛፍ ብለሽ ይሄን ሁሉ መንገድ? እንጦጦ ምን ጎደለው?» ብሎ አጣጣለብኝ። መኪናችን ቪትዝ ናት፣ አሁኑኑ ልናገር።

እና በየት ነው የሚገባው? ቪትዝ ትደርሳለች? እናቴ ዳገት ሳትወጣ ቁጭ ብላ የምታየው ነገር አለ ወይስ እሷን ማንገላታት ነው? ልጆቹስ በግማሽ ሰዓት «እማዬ እንሂድ» አይሉኝም? የማይሆን ከሆነ አይሆንም በሉኝ፣ አልከፋም።

የሰበታ ልጅ

እህቴ፣ መጀመሪያ መንገዱን እንጨርሰው። መናገሻ ከተማና ሱባ ደን ለየቅል ናቸው። ከተማው ከቡራዩ አልፈሽ ወደ ሆለታ ስትሄጂ የምታገኚው ነው። ደኑ ያለው ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ተራራው በጣም ሰፊ ስለሆነ ከአምቦ መንገድም ከጅማ መንገድም ይታያል፣ ሰው የሚምታታውም ለዚያ ነው። በሆለታ በኩል የሚያስገባ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ፣ ግን ለአንቺ አልመክርም። ጎብኚ በብዛት የሚገባው በሰበታ በኩል ነው። ሰበታ ድረስ አስፋልት ነው፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ከተገነጠልሽ በኋላ ኮረኮንች ነው።

ስለ ቪትዝ። በጋ ላይ፣ መሬቱ በደንብ ከደረቀ፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ከያዛት ልትደርስ ትችላለች። እኔ ግን እናት ጭኜ አልሞክረውም። ቦይ የቆረጠው ቦታ አለ፣ ድንጋይ የወጣበት አለ፣ ከታች ይመታታል። ክረምት ላይ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፣ ጭቃው ፎር ዊል ድራይቭ ያላቸውንም ያስለቅሳል። ስለዚህ ወይ ከፍ ያለ መኪና ያለው ዘመድ ለምኚ፣ ወይ ቪትዟን ሰበታ አቁማችሁ እዚያው ፒክአፕ ተኮናተሩ። ተመልሶ እንዲወስዳችሁ ሰዓቱን ከሾፌሩ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ አለበለዚያ ውስጥ ኔትወርክ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ መደወያ ታጪያለሽ።

ጊዜውን ኅዳር ላይ አድርጊው። መስከረም አደይ አበባው ያምራል፣ ሁሉም ሰው ያኔ ነው የሚጓጓው፣ ግን መሬቱ ገና አልጠነከረም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፣ ብርዱ ግን ጠዋት ላይ አጥንት ይገባል፣ ለእናትሽ ጋቢ አትርሺ።

ሌላ ያልጠየቅሽውን ልጨምር። የአካባቢው ሰላም ከጊዜ ጊዜ ይለዋወጣል፣ እዚህ የተጻፈ ነገር አይተሽ ብቻ አትነሺ። ከመሄድሽ በፊት በነበረው ቀን ሰበታ ያለ ሰው ደውለሽ ጠይቂ። በር ላይ የመግቢያ ትከፍያለሽ፣ ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው፣ እዚያው መንገድ የሚመራችሁ ስካውት ይሰጡሻል። መንገድ አውቃለሁ ብለሽ ስካውቱን አትዝለይው። ምግብና ውሃ ከቤት ያዙ፣ ውስጥ ሱቅ የለም ብለሽ ተነሺ።

ወፍ ፈላጊ

«እንጦጦ ምን ጎደለው» ላለው ባልደረባሽ መልሱ አጭር ነው፦ ዛፉ ጎደለው። እንጦጦን አልጠላም፣ ቅዳሜ ጠዋት እግሬን የማፍታታው እዚያ ነው። ግን አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፣ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፣ ባለውለታ ነው፣ ነገር ግን ሥሩ ሂዱና ቁሙ፣ ደረቅ ቅጠልና ልጣጭ ነው፣ ወፉም ጥቂት ነው። ሱባ ስትገቢ መጀመሪያ የምታስተውዪው ጭለማውን ነው። ከላይ የጽድ ጫፍ፣ ከሥሩ ወይራ፣ ከወይራው ሥር ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ደግሞ የበሰበሰ ግንድ ላይ የወጣ የዛፍ ሽበትና ፈርን። ሁሉም ፎቅ ላይ የሚኖር ነገር አለ።

እናትሽ ቁጭ ብላ ምን ታያለች ብለሻል። ጉሬዛ ታያለች። ጉሬዛ ለአረጋውያንና ለልጆች የተፈጠረ እንስሳ ነው የምለው ቀልድ አይደለም፣ ምክንያት አለኝ። ምግቡ በዋናነት ቅጠል ነው። ቅጠል ደግሞ ቶሎ አይፈጭም፣ ሆዱ እንደ በግ ሆድ ክፍል ክፍል አለው፣ ስለዚህ በልቶ ረጅም ሰዓት እዚያው ዛፍ ላይ ተቀምጦ ያርፋል። አንዴ ካገኛችሁት አይጠፋባችሁም፣ መሮጥም አያስፈልግም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ይሞቃሉ፣ ጥቁርና ነጩ ፀጉር ከሩቅ ይለያል። ልጆቹን እጁን እዩት በያቸው፣ አውራ ጣት የለውም። አራት ጣት ብቻ ነው ያለው፣ ቅርንጫፉን እንደ ሜንጦ ይዞ ነው የሚዘለው። አገኘሁ አላገኘሁ ብላችሁ ላይ ላይ አታንጋጡ፣ ቅጠል ሲወድቅ የሚሰማበትን ቦታ ተከተሉ።

ወፉ ደግሞ ሌላ ነው። ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ አለ፣ ተቀምጦ ስታዪው አረንጓዴ ነው፣ ልጆቹ «ይሄ ምኑ ይገርማል» ይላሉ። ሲነሳ ክንፉ ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት፣ እውነተኛ መዳብ፣ ከሚበላው ፍሬ ነው የሚያገኘው። ከአገራችን ውጭ የትም የማይገኘው ግንባረ ቢጫ በቀቀንም አለ፣ እሱን ለማየት ግን ዕድል ያስፈልጋል፣ ጫፍ ላይ ሆኖ ያፏጫል እንጂ ቶሎ አይወርድም። ክንፏ ጥቁር የሆነች ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ደግሞ በቡድን ሆና ስትጮህ ትሰማላችሁ። ዝም ካላችሁ ግንደ ቆርቁሩ ሲመታ ይሰማል።

የምኒልክ ድኩላንም አትርሱ። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው፣ ሴቷ ቀላ ትላለች፣ የሚኖረውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ጠርዝ ጠርዙን ጠዋትና ማታ ይግጣል።

ይሄን ሁሉ ለማየት ግን ሁለት ነገር ግዴታ ነው። አንደኛ ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መውጣት። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ደኑ ይተኛል፣ ያኔ ደርሳችሁ «ምንም የለም» ብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ የብዙ ሰው ቅሬታ ይሄ ነው። ሁለተኛ ስፒከር የለም። እባካችሁ። እሁድ እሁድ ስፒከር አንጠልጥሎ የሚገባ ሰው ምን ሊያይ እንደሚመጣ አልገባኝም።

አናት ወጪው

ወንድሞቼ ጥሩ ነው የምትሉት ግን ዋናውን ዘለላችሁት። ወጨጫ ማለት ጫፉ ነው። 3,385 ሜትር ነው ከፍታው። የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው ተራራው፣ ላይ ስትወጡ ቅርጹ ይታያችኋል። እየወጣችሁ ስትሄዱ ጽዱ ይቀራል፣ ኮሶ ይመጣል፣ ከዚያ አስታና አምጃ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች፣ ከዚያ ሜዳማው ላይ ጅብራ የሚባለው ተክል ብቻውን ቆሞ ታገኙታላችሁ። በአንድ ቀን የአገሪቱን ደጋ ሙሉ በሙሉ ታያላችሁ። አየሩ ከጠራ አዲስ አበባ ከሥራችሁ ተዘርግታ ትታያለች። ታች ቆሞ ጦጣ አይቶ መመለስ ግማሽ ጉዞ ነው። እህቴ እኔ ብሆን እናትን ለሌላ ጊዜ አስቀምጬ ከልጆቹ ጋር እወጣ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይወጣል፣ አትጠራጠሪ።

ወፍ ፈላጊ

@አናት ወጪው ሴትዮዋ እኮ «እናቴ ዳገት አትችልም» ብላ ነው የጀመረችው። ጫፉን ማን ጠየቀ 😄 ደግሞ እይታ ከፈለጉ ብዙ ተራራ አለ። አስታና ጅብራም ሌላ ደጋ ላይ ሞልቷል። ለከተማ እንዲህ ቅርብ ሆኖ የቀረ ያረጀ የጽድ ደን ግን የት ታገኛለህ? ዋጋው ታች ያለው ነው፣ ሰው ሁሉ እያለፈው የሚሄደው።

ጡረተኛው የደን ሰው

ልጄ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዕድሜዬን በደን ሥራ ነው ያሳለፍኩት፣ ስለዚህ ሽማግሌ ሲያበዛ ታገሺኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት ተሰልፎ የቆመ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ዓይነት ቁመት ያለው ዛፍ ነው። ሰዉ እሱን ጥንታዊው ደን መስሎት ፎቶ ተነስቶ፣ ምሳ በልቶ ይመለሳል። እሱ በቅርብ ዘመን ለእንጨት ተብሎ የተተከለ የፈረንጅ ጽድ ነው። ልጆችሽ ከአጥራቸው ላይ የሚያውቁት ጽድም ያው እሱ ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ። የሐበሻው ጽድ ከዚያ ወዲያ ነው። መለየት ቀላል ነው። የፈረንጁ ፍሬ ደረቅ፣ እንጨት የመሰለ ድቡልቡል ነው። የሐበሻው ፍሬ ግን ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ሆኖ ላዩ ላይ ነጭ አቧራ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ በጣትሽ ስትጠርጊው ይለቃል። ግንዱ ደግሞ ልጡ በቀጭን በቀጭኑ ወደ ታች ይላጣል፣ የቆየው ግንዱ ይጠመዘዛል፣ ይሰረጎዳል፣ ሁለት ሦስት ሰው ካልተያያዘ አያቅፈውም።

ፍሬ የሌለው ጽድ ካገኛችሁ አትገረሙ። ጽድ ወንድና ሴት አለው፣ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ለልጆቹ ይሄን ሥራ ስጫቸው፣ ሴት ጽድ ፈልጋችሁ አሳዩኝ በያቸው፣ ስልኩ ይረሳል። ደግሞ ወድቆ የደረቀ ስንጣሪ ካገኙ ያሽትቱት። እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ሽታ ነው፣ ምክንያቱም ይህ ዛፍ ለእርሳስ መሥሪያ የሚፈለግ ዛፍ ነው። ምስጥ ስለማይደፍረው ነው አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶም ለአጥርም ይመርጡት የነበረው፣ የየአገሩ ጽድ ያለቀውም በዚሁ ነው።

ታሪኩ ረጅም ነው። ከጥንት ጀምሮ የሚተረከው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ያስተከሉት ተብሎ ነው። እሳቸው የነገሡት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነው። ተራራው ተራቁቶ አይተው ከሰሜን ሸዋ፣ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። ኋላም አፄ ምኒልክ የመንግሥት ጥብቅ ደን አድርገው አስጠብቀውታል። ዋና ከተማ አጠገቡ ሲቆረቆር፣ ያ ሁሉ ቤትና ያ ሁሉ ማገዶ ሲፈለግ፣ ይህ ደን ተርፎ መቆየቱ ጥበቃ ስለነበረው ነው። ሳይነካ ቀረ ማለቴ ግን አይደለም። ሱባ ላይ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር፣ ብዙ ጽድ በዚያ አልፏል።

ስለ እናትሽ ጉልበት አትጨነቂ። ከጫፉ ጋር ምንም ጉዳይ የላችሁም። ስካውቱን «ትልልቆቹ ጽዶች ያሉበት፣ ሜዳ ሜዳውን የሚያስሄድ መንገድ» ብለሽ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ስካውት ጎብኚ ሲያይ ፏፏቴና ጫፍ ነው የሚመስለው የሚፈለገው፣ አንቺ ካልነገርሽው ያስሮጣችኋል። ኮሶም ካገኛችሁ ለእናትሽ አሳያት፣ ትዝታ አያጣትም። ወይራና ዝግባም አለ። ጥቁር እንጨት የሚባለውን ደግሞ ልጣጩ የተላጠ ካያችሁ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ ነው፣ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ይሞታል።

ዝም ብሎ አንባቢ

ጋሼ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለክርክር አይደለም። ንጉሥ ካስተከለው ታዲያ እንዴት «የተፈጥሮ ደን» ይባላል? ያ ማለት እኮ የድሮ ፕላንቴሽን ነው። የፈረንጅ ጽዱን ናቅነው፣ ያኛውን አከበርነው፣ ልዩነቱ ዕድሜ ብቻ ነው?

ጡረተኛው የደን ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ዕድሜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ነገር የተተከለው የአገሩ ዛፍ ነው፣ ያኔም ተራራው ላይ ያልተቆረጠ ዛፍ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይቻልም። የተተከለውና ራሱ የበቀለው ዛሬ አይለይም። ሁለተኛ፣ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ጽዶች አብዛኞቹ ወድቀው አልቀዋል። አሁን ቆመው የምናያቸው ሽማግሌዎች አራት መቶ ዓመት ገደማ ይገመታሉ፣ ልጆቻቸው ናቸው። ወፍ ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየቦታው ጥሎት፣ ማንም ሳይተክለው የወጣ ነው። ቅድም ወፍ ፈላጊ የጠቀሰው ቱራኮ እንግዲህ ዛፍ ተካይ ነው። ሦስተኛው ዋናው ነው። ደን ማለት የቆመው ዛፍ ብቻ አይደለም። የወደቀው ግንድ፣ በግንዱ ላይ የሚኖረው ፈንገስ፣ ለዘመናት የተጠራቀመው ጥቁር አፈር፣ በዚያ አፈር ውስጥ ያለው ነፍሳት ሁሉ ደኑ ነው። የተሰለፈ የፈረንጅ ጽድ ሥር አፈር ቆፍርና እይ፣ ከዚያ ሱባ መሃል ገብተህ እይ። ዘር መትከል ይቻላል፣ ያንን አፈር ግን መትከል አይቻልም።

ደግሞ ጽድ ፀሐይ ወዳድ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ሥር ችግኙ አያድግም። ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይከፈታል፣ ችግኙ የሚጠብቀው ያንን ነው። ችግሩ ቀዳዳው ሲከፈት ከብትም የሚገባው እዚያው መሆኑ ነው፣ ሣሩ የሚወጣው ብርሃን ባለበት ነዋ። ለዚህ ነው ከመንገድ አትውጡ የምለው። ባዶ መስሎሽ ምንጣፍ የምታነጥፊበት ገላጣ ቦታ የሚቀጥለው ትውልድ ጽድ የሚወጣበት ሊሆን ይችላል።

የልጆቹ እናት

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅሁም። ጋሼ፣ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት። ኮሶ ጋ ስደርስ ሳቀች፣ ሕፃን እያለች አያቷ በግድ ይዘው ያጠጧትን፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ዘርዝራ ነገረችን፣ ልጆቹ እራት አልበላም አሉ። አሁን «መቼ ነው» እያለች እየነዘነዘችኝ ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ነብር አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ጅብስ? ትንሹ ልጄ ሰምቶ አልሄድም ሊል ምንም አልቀረው፣ ትልቁ ደግሞ ካልታየ አልሄድም ይላል። ሁለተኛ፣ እናቴ ጀበናና ከሰል ይዤ ካልሄድኩ ብላለች። ዛፍ ሥር ቡና ማፍላት ነው የምትመኘው። ይቻላል?

የሰበታ ልጅ

ነብር አለ። ግን ነብር ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ሰው ሲሸተው የሚሸሽ እንስሳ ነው። እኛ እዚያው አካባቢ ያደግነው እንኳ የምናየው ኮቴውን ነው። ለትልቁ ልጅ አትጠብቅ በይው፣ ለትንሹ ደግሞ አይመጣብህም። ጅብም የሌሊት ነው። ከርከሮ ግን ቀን ታገኙ ይሆናል፣ ልጆች ያሏት ከሆነች ጠጋ አትበሉ።

የእውነት የሚያስቸግራችሁ ዝንጀሮና ጦጣ ነው። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ምግብ መሆኑን ያውቃሉ። ከልጅ እጅ ሙዝ ይነጥቃሉ። ምግቡን ፌስታል ውስጥ አታድርጉት፣ ቦርሳ ውስጥ ይዝጉት፣ ስትበሉም ዙሪያችሁን እያያችሁ። በምንም ዓይነት አትስጧቸው፣ አንዴ የለመደ ዝንጀሮ ለሚቀጥለው ሰው ጣጣ ነው። ሌላው ሳማ ነው። ልጆቹ ሙሉ ሱሪ ይልበሱ። ሳማ በየመንገዱ ዳር አለ፣ ገበሬው በችግር ጊዜ ቀቅሎ ይበላዋል፣ ለከተማ ልጅ ባዶ እግር ግን ለቅሶ ነው። እናትሽ ታውቀዋለች፣ እሷን አስቀድሙ።

ሃይላንዱን ደግሞ ይዛችሁ ውጡ። ባዶውን። ልቆጣ ብዬ አይደለም፣ አንድ ቀን ትልቅ ጽድ ሥር የተከመረ ፕላስቲክ አይቼ ነው።

ጡረተኛው የደን ሰው

ቡናውን በተመለከተ፣ ልጄ፣ እናትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ደን ውስጥ እሳት የለም። በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ሁሉም ነገር ደርቆ ነው ያለው፣ የጽድ ልጥ እንደ ክብሪት ነው የሚይዘው፣ ከላይ ያለው አስታ ደግሞ አንዴ ከተያያዘ ተራራውን ይዞ ነው የሚወጣው። ከሰሉን በደንብ አጠፋሁት የሚለው ሰው ሄዶ ነው ነፋስ የሚነሳው። ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ስኒውንና ረከቦቱን ግን ትያዝ፣ ቄጠማ ግን ከዚያው አትጨዱ። ለማፍላት የተፈቀደ ቦታ ካለ በር ላይ ጠይቁ፣ እነሱ ካሳዩአችሁ ሌላ ነገር ነው።

አናት ወጪው

እሺ፣ እናትን አስቀምጪ ያልኩትን አንስቼዋለሁ 😄 ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም፣ ጫፉ ጫፍ ነው። እንዲህ ብታደርጉስ፦ ጠዋት ሁላችሁም ታች ጉሬዛውን ታያላችሁ፣ ከዚያ አንድ ሰው ከእናት ጋር ይቀመጥ፣ ትልቁን ልጅ ስካውቱ ይዞት ኮሶው እስከሚጀምርበት ድረስ ብቻ ከፍ ይበል። ጫፍ ድረስ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ ለምዷል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልጅም ቢሆን። ራስ ምታት ካለው ይመለስ።

የልጆቹ እናት

ይሄ ይሻላል። ባለቤቴ ከትልቁ ጋር ይወጣል፣ እኔና ትንሹ ከእማማ ጋር ሴት ጽድ ስንፈልግ እንውላለን። ፔርሙዙን በጭንቅ ተስማምታለች፣ «የቀዘቀዘ ቡና ቡና አይደለም» ብላ፣ ግን ረከቦቷን ይዛ ትሄዳለች። ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው እንግዲህ። መኪናው ብቻ ነው ያልተፈታው፣ ከፍ ያለ መኪና ያለው ዘመድ ፈልጌ አጣሁ።

ዝም ብሎ አንባቢ

እኛ ሦስት ሆነን ኅዳር ላይ ለመሄድ እያሰብን ነበር፣ ይሄን ሳነብ ቆረጥኩ። ከሰበታ ፒክአፕ አብረን ብንኮናተር ለሁላችንም ይቀላል። ጋቢናውን ለእናት፣ እኛ ከኋላ። ቀኑን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ስፒከር የለንም፣ ቃል እንገባለን።